ውኃ፣ ሽርጥና ዐይን፦ ልጆቻችን ሲዋኙ ዐይናቸውን እንዴት እንጠብቅ?



ሐሙስ ከቀትር በኋላ በእኛ አገር የደረሳ የዕረፍት ጊዜ ነው። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት የሚቀሩ ልጆች ሳሙናቸውንና የቆሸሸ ልብሳቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ልብሱን አጥበው ድንጋይ ላይ ያሰጡና እስኪደርቅ ድረስ ወንዙ ረጋ ብሎ የጠለቀበትን ቦታ ፈልገው ይዋኛሉ። እኛም በልጅነታችን እንዲሁ ነበርን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ገና ሳይጠራ፣ በመስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሆነ አንድ ደረሳችን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ መጣ። ዐይኑ ቀልቷል፤ ያነባል፤ ብርሃን ሲያይ ይጨፍነዋል። «ምን ሆንክ?» ብንለው «ኡስታዝ፣ ውኃ ነው የገባብኝ» አለን። እናቱ ቅጠል ጨምቃ አድርጋለት ነበር። እኛም «ይሻልሃል፣ ኢንሻአላህ» ብለን ወደ ቦታው መለስነው። ሐኪም ዘንድ ይሂድ ያለ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ከዐይኑ ጥቁር ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ታየች። ያን ጊዜ ደነገጥን። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገንዘብ ተዋጥቶ አባቱ ይዞት ሄደ። ሐኪሙ ጠይቆ እንደተረዳው ልጁ ወደ ደፈረሰው ውኃ ሲዘል ውስጥ የነበረ ቅርንጫፍ ዐይኑን ጭሮት ኖሯል፤ ጭረቱም መርቅዟል። ዐይኑ አልፈሰሰም፤ አልሐምዱሊላህ። ጠባሳው ግን ቀርቷል። ዛሬ በዚያ ዐይኑ የሚያየው ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ነው፤ ሙስሐፉን የሚያነበው በሌላው ነው። ሐኪሙ ለአባትየው «በማግስቱ ብታመጡት ኖሮ…» ብሎ ዝም አለ። ይህች ቃል ለአባት ብቻ የተነገረች አልመሰለንም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣችንም እርሷ ናት።

ዋናን እንከልክል አንልም

ይህን ታሪክ የሰማ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ልጁን ከወንዝ መከልከል ነው። እኛ ግን እንደዚያ አንልም። ልጆችን ዋና ማስተማር የሚገባ መሆኑ ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሲተላለፍ የኖረ ምክር ነው። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዋና መማርን ከከንቱ ጨዋታ ለይተው ቆጥረውታል። ዐውራን ሸፍኖ፣ የሶላትን ወቅት ጠብቆ፣ ለእህቶችም ከወንዶች ዕይታ በተከለለ ቦታ እስከሆነ ድረስ ዋና ለአካልም ለአእምሮም ይጠቅማል። መዋኘት የሚያውቅ ልጅ ወንዝ ሲሻገር ነፍሱን ያድናል።

በሌላ በኩል ዐይን አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በለድ ለሰው ልጅ የዋለውን ጸጋ ሲዘረዝር ከምላስና ከከንፈሮች አስቀድሞ የሚያነሣው ሁለቱን ዐይኖች ነው። በሱረቱል በቀራም ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። ዐይነ ስውርነት ውርደት አይደለም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን የነበሩት ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ዐይነ ስውር ነበሩ። ሁለት ዐይኑን አጥቶ የታገሠ ሰው ምንዳው ጀነት እንደሆነም በቡኻሪ ተዘግቧል። ይሁን እንጂ በቸልታችን የመጣውን ጉዳት «ቀደር ነው» ብለን ብቻ ማለፍ አይገባንም። በቀደር ማመን ሰበብን ከማድረስ አያግድምና።

የወንዝ ውኃ ዐይንን በምን ይጎዳል?

አላህ ለዐይን እንባን ጠባቂ አድርጎላታል። እንባ ተራ ውኃ አይደለም፤ ጨው፣ ቅባትና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚያጠቃ ንጥረ ነገር አለበት። ሰው ውኃ ውስጥ ዐይኑን ገልጦ ሲቆይ ይህ ስስ ሽፋን ይታጠባል። የወንዝ ውኃ ጨው ደግሞ ከእንባ ያነሰ ስለሆነ፣ ውኃው ከዐይን ፊት ለፊት እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ወደሚታየው ሽፋን፣ ሐኪሞች ኮርኒያ ወደሚሉት፣ ሰርጎ በመጠኑ ያሳብጠዋል። ከዋና ስንወጣ ለጥቂት ጊዜ ብዥ የሚለን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጤነኛ ዐይን ብዙ ሳይቆይ ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ ውኃው ቆሻሻ ወይም ዐይኑ የተጫረ ሲሆን ነው።

የአገራችን ወንዞች ከደጋው ተነሥተው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ የማሳውን አፈር ይዘው ስለሚሄዱ ውስጣቸው አይታይም። ደቃቁ አሸዋ ዐይንን ይፈገፍጋል። ጎርፉ ይዞት የመጣው እሾህና ቅርንጫፍ ደግሞ ዐይንን ይወጋል። በቅርንጫፍ ወይም በቅጠል የተጫረ ዐይን ከሌላው ጭረት ይልቅ ያስፈራል፤ ከዕፅዋት ጋር ሻጋታ ሊገባና ኮርኒያውን ሊያመረቅዝ ይችላልና። ሻጋታ ያመጣው ቁስል በተራ መድኃኒት በቀላሉ አይድንም።

ከዚህ የተነሣ ለልጆቻችን የምንሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ቀላል ነው። የገዛ እግርህ የማይታይበት ውኃ ውስጥ አትዝለል። ሁልጊዜ በእግርህ ቀስ ብለህ ግባ፤ በራስህ ተወርውረህ አትግባ። ስትጠልቅ ዐይንህን ጨፍን። ከላይ አገር ሲዘንብ ከወንዝ ውጣ፤ ደራሽ ውኃ ዐይንን ብቻ ሳይሆን ነፍስን ይወስዳል።

በወንዝ ዳር የሚበቅለውንም ቁልቋል መርሳት አይገባም። ልጆች በቅርንጫፉ ሲጫወቱ ወተቱ ዐይናቸው ውስጥ ቢገባ ያቃጥላል፤ ኮርኒያውንም ሊያቆስል ይችላል። የነካ እጅም ዐይን ከመንካቱ በፊት በሳሙና መታጠብ አለበት። በምንጭና በኩሬ ውስጥ ያለው አልቅትም በአፍንጫና በጉሮሮ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ዐይን ላይ ሊጣበቅ እንደሚችል በሕክምና ተመዝግቧል። ይህ ሲሆን ጎትቶ መንቀል ዐይንን ያቆስላል፤ ወደ ሐኪም መሄድ ይሻላል።

ከውኃው ይልቅ ሽርጡ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ልጆቹ ከውኃ ወጥተው ሲንቀጠቀጡ ምን ያደርጋሉ? ከመካከላቸው አንዱ ደረቅ ሽርጥ ይዟል። ያ አንድ ሽርጥ ከፊት ወደ ፊት ይዞራል። አሥር ልጆች በአንድ ጨርቅ ፊታቸውን ይጠርጋሉ። ወንድማማችነት ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ከአሥሩ አንዱ ዐይኑ የታመመ ከሆነ ሕመሙን ለዘጠኙ የሚያካፍለው ከውኃው ይልቅ ይህ ሽርጥ ነው።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም። በ1998 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2005/06) በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደው የዐይን ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 40 በመቶ ያህል ነበር። በዚያው ጥናት በአገራችን ለዐይነ ስውርነት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ከዐይን ሞራ ቀጥሎ ሁለተኛው ትራኮማ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየቀበሌው በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል፤ በብዙ ቦታም በሽታው ቀንሷል። ግን ከክልላችን ጨርሶ አልጠፋም።

ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በእጅ፣ በጨርቅና ዐይናር ላይ በሚያርፍ ዝንብ ነው። አንድ ጊዜ ቢይዝ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችላል። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዐይን ቆብ ውስጡ ይጠብሳል። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ርግብታ ኮርኒያውን ይፈገፍጋል። ወረንጦ ካንገታቸው የማይለያቸው እናቶችና አያቶች በየቤታችን አሉ። ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉት ለጌጥ አይደለም፤ ከልጅነታቸው የቆየ ሕመም ነው። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ የታመሙ ልጆችን አቅፈው የሚያሳድጉት፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ የሚጠርጉት እነርሱ ናቸውና።

እንግዲህ ውኃ በራሱ ጠላታችን አይደለም። እንዲያውም ንጹሕ ፊት ትራኮማን ከምንከላከልባቸው አራት መንገዶች አንዱ ነው። የቀሩት ሦስቱ ለታጠፈ ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒትና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። በእነዚህ መንገዶች ዑማን እ.ኤ.አ በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 በሽታውን እንደ ሕዝብ የጤና ችግር ማጥፋታቸው በዓለም የጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። እነርሱ የቻሉትን እኛስ ለምን አንችልም?

እስልምናም ይህን አስቀድሞ አስተምሮናል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ሲያደርጉ የዐይናቸውን ማዕዘን ያብሱ ነበር። ዐይናር የሚጠራቀመው እዚያው ነው፤ ዝንብም የሚያርፈው እዚያው ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ልጅ ይህን ሱና ቢይዝ ዝንብ በፊቱ ላይ ምን ትሠራለች? እንቅልፍ የነቃ ሰው እጁን ዕቃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት እንዲታጠብ መታዘዙም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

የኩሉም ነገር እንደ ሽርጡ ነው። ኩል መኳል ሱና ነው ብለን የአንዷን መኳያ ለአምስት እህትማማቾች የምናዞር ከሆነ በሱና ስም ሕመም እያዞርን ነው። ለእያንዳንዷ የራሷ መኳያ ይኑራት። ከገበያ የሚገዛው አንዳንዱ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ስላለበት በተለይ ለሕፃናት ባናደርገው ይሻላል።

ለጠሃራ የሚበቃ ውኃ ሁሉ ለዐይን ይበቃልን?

አንድ ደረሳ «ኡስታዝ፣ የወንዝ ውኃ ጠሁር አይደለምን? ለውዱእ ከበቃ ለዐይን እንዴት አይበቃም?» ብሎ ጠይቆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎን፣ አፈር ያደፈረሰው የወንዝ ውኃ ጠሁር ነው፤ ውዱእ ይደረግበታል። ጠሃራ ግን የዒባዳ ሕግ ነው፤ የሐኪም ምርመራ አይደለም። ጠሁር የሆነ ውኃ ዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ይችላል።

አላህ ዲኑን ገር አድርጎታልና እዚህ ላይ ጭንቀት የለብንም። በውዱእ የሚታጠበው ፊት ነው፤ የዐይን ውስጥ አይደለም። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በትጥበት ጊዜ ዐይናቸው ውስጥ ውኃ ይረጩ እንደነበር ኢማም ማሊክ በሙወጣእ ዘግበዋል፤ ዑለማእ ግን ይህ ግዴታ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ ፊትን ስንታጠብ ዐይናችንን ጨፍነን ማዕዘኑን በንጹሕ ጣት ማበስ ይበቃናል። ዐይኑ ታሞ ውኃ እንዳይነካው ሐኪም ያዘዘው ሰውም ሸሪዓው መውጫ አለው፤ እንዴት እንደሚያደርግ ዑለማእን ይጠይቅ። የዐይን ጠብታም ቢሆን በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ ጾም አያስፈታም። በረመዳን ሕክምናን የሚያቋርጡ ወገኖች ይህን ይወቁ።

በቆመ ውኃ ላይ መሽናትና ከዚያው መታጠብን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በውኃ መውረጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትም ሰዎችን ለእርግማን የሚዳርግ ተግባር መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ልጆቻችን ይህን ሐዲስ በቃላቸው ይዘውታል። ወንዝ ወርደው በሥራ ያውሉት ዘንድ ማየት የእኛ ፈንታ ነው።

በከተማ የሚዋኙ ወጣቶች

ወጣቶቻችን ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አልፎም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። እዚያ የሚያገኙት የሆቴል መዋኛ ነው። ውኃው የጠራ ቢሆንም ክሎሪን አለበት። ክሎሪን ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ነገር ግን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ዐይንን የሚቆጠቁጥ ሌላ ውሕድ ይፈጥራል። መዋኛ ገብተን ዐይናችን ሲቀላ «ክሎሪኑ በዛ» እንላለን፤ ብዙ ጊዜ የበዛው ሳይታጠቡ የሚገቡት ሰዎች ናቸው። ከመግባት በፊት በሳሙና መታጠብና ውኃው ውስጥ አለመሽናት የራስንም የሌላውንም ዐይን መጠበቅ ነው።

የዋና መነጽር ጥሩ መከላከያ ነው። ሲጠልቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፊት ጎትቶ በድንገት የለቀቁት መነጽር በላስቲኩ ኃይል ተወርውሮ ዐይንን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዐይን ላይ አስቀምጦ ከዚያ ማሰሪያውን ወደ ኋላ መሳብ፣ ሲያወልቁም ማሰሪያውን ከኋላ ማንሣት ይገባል። በዋና መነጽር ወደ ጥልቅ መውረድም መልካም አይደለም፤ ግፊቱ ዐይንን ይጎዳል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ደግሞ አድርገውት አይዋኙ። በውኃ ውስጥ የሚኖር አካንታሚባ የተባለ ጥቃቅን ተሕዋስ ከሌንሱ ሥር ገብቶ ዐይንን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ቁስል ያመጣልና።

ጉዳት ቢደርስ

አሸዋ ወይም አፈር ቢገባ አለማሸት ነው። አሸዋውን ኮርኒያው ላይ የሚፈጨው የገዛ እጃችን ነውና። ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በንጹሕ የቧንቧ ውኃ ዐይንን ደጋግሞ ማጠብና ማርገብገብ ይበቃል። የቁልቋል ወተት ቢገባ ሐኪም ቤት እስኪደረስ ሳይጠበቅ እዚያው በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ፣ ከዚያ መሄድ ነው። ንጹሕ ውኃ ከሌለም ባለው ይታጠብ፤ እዚህ ላይ መዘግየቱ ይበልጥ ይጎዳል።

እንጨት ወይም እሾህ የወጋው ዐይን ግን አይታጠብም፤ አይጫንም፤ የተሰካው ነገርም አይነቀልም። ዐይንን ሳይነካ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ከልሎ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ቅጠል መጭመቅ፣ የጡት ወተት ማድረግ፣ ቅንድብ መብጣት ይቅር። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ የተጫረ ዐይን ላይ ግን ሌላ ተሕዋስ መጨመር ይሆናል። ከሱቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ጠብታም አይሻልም። አንዳንዱ ስቴሮይድ ያለበት ስለሆነ መቅላቱን አጥፍቶ ቁስሉን ያባብሳል። ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ መታከም ደግሞ ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ነው።

ሕመሙ በአንድ ቀን ካልተሻለ፣ ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ ዕይታ ከደበዘዘ፣ መግል ከወጣ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ከታየ አንድ ሌሊት እንኳ አይታደር። በየአካባቢው ጤና ጣቢያ፣ በመካነ ሰላም ሆስፒታል አለ፤ ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዐይን ሕክምና የታወቀ ነው።

የእኛ አዲስ ሥርዓት

ከዚያ ልጅ በኋላ በመድረሳችን ጥቂት ነገር ለውጠናል። ወደ ወንዝ የሚወርድ ደረሳ ሁሉ የራሱን ቁራጭ ጨርቅ ይይዛል፤ አዲስ መሆን የለበትም፤ ከአሮጌ ሽርጥ ተቀዶ ታጥቦ ቢሆን ይበቃል። አንዱ ደግሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። ዐይኑ የቀላ ልጅ እስኪድን ድረስ አይዋኝም። ቅዳሜ ጠዋት ቂርኣት ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ዐይን እናያለን። ደቂቃዎች ቢወስድ ነው።

ወላጆችም ማታ ልጃቸው ከወንዝ ሲመለስ «ልብስህን አጠብክ?» ከማለት ጋር «እስቲ ዐይንህን ልየው» ይበሉ። ልጆች ቁጣን ፈርተው ይደብቃሉ። ያ ደረሳችንም ቅርንጫፉን የደበቀን ወንዝ ውስጥ ዘለልክ ብለን እንዳንቀጣው ፈርቶ እንደነበረ ኋላ ነግሮናል። ከቁጣ በፊት ጥያቄ፣ ከቅጠል በፊት ሐኪም ይቅደም።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን ዐይን ይጠብቅልን፤ ኪታቡን እያዩ የሚቀሩ፣ በተማሩትም የሚሠሩ ያድርጋቸው። ለታመሙት ሺፋውን፣ ዐይናቸውን ላጡት ሶብሩንና ምንዳውን ይለግሳቸው። አሚን።